ስለ ዜማ አሠራርና ስለ ምልክቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ነገር በየበዓሉ በጆሯችሁ የምትሰሙት፥ ነገር ግን ከመካከላችሁ ብዙዎች እንዴት እንደ ተሠራ ጠይቃችሁ የማታውቁት ነገር ነው። ይኸውም የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ምእመን ጧት ወደ ቤቱ ሲመለስ «ምን ሰማህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «ዜማው ደስ ይላል» ከማለት በቀር የሚመልሰው ያጥረዋል። አንዳንዱም፥ እውነቱን መናገር ካስፈለገ፥ «አንዱን ቃል እየደጋገሙ ብዙ ያቆዩናል» ይላል። እንዲህ የሚለውን ሰው ልንቈጣው አይገባንም፤ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል?

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በ14ኛው ምዕራፍ፥ ዝማሬ በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም ጭምር ሊሆን እንደሚገባው ያስተምራል። ይህ ትምህርት ለሚያዜመው ካህን ብቻ የተሰጠ አይመስለንም፤ ቆሞ የሚሰማውም ሰው በአእምሮው ሊሰማ ይገባዋል። ስለዚህ ዜማ ከምን እንደሚሠራ፥ ከተሠራም በኋላ እንዴት እያደገ እንደሚሄድ፥ መሪጌቶቻችን በተማሩት ጥልቀት ባይሆንም፥ ሰሚ ሊረዳው በሚችል መጠን እንናገራለን።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ሊቅ ነው። መታሰቢያውን ግንቦት 11 ቀን እናከብራለን። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሲያርፍ፥ አንዲት ትል ከዛፉ ላይ ለመድረስ እየወጣች ስትወድቅ፥ እየወደቀች ስትወጣ ተመልክቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን እንደ ተመለሰ፥ በኋላም በሦስት አዕዋፍ አማካይነት ሰማያዊውን ዜማ እንደ ተማረ ቤተ ክርስቲያን ትተርካለች። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ፤ ትሏ ከላይ የደረሰችው በአዲስ መንገድ ሄዳ አይደለም፤ ያንኑ የዛፍ ግንድ ደጋግማ በመውጣት ነው። ስለ ዜማ መደጋገም ስንናገር ይህ ነገር ይጠቅመናል።

ከቅዱስ ያሬድ የተቀበልናቸው የዜማ መጻሕፍት ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። እነዚህ ሁሉ በሦስት የዜማ ዓይነቶች ይዜማሉ፤ እነርሱም ግዕዝ፥ ዕዝል፥ ዓራራይ ይባላሉ። ሊቃውንት ሲተረጕሙ ግዕዝ ቀጥ ያለውን፥ ገር የሆነውን ዜማ፥ ዕዝል ጽኑዕ የሆነውን፥ ዓራራይ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን የሚያራራውን ጣዕመ ዜማ ያመለክታል ይላሉ። ግዕዝን በአብ፥ ዕዝልን በወልድ፥ ዓራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል፤ ሦስት ሲሆኑ አንድ ምስጋና ናቸውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ድምፅን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ የሚለያዩ የሚመስለው አለ። እንዲህ ግን አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የሆነ አጀማመር፥ የራሱ አካሄድ፥ የራሱ አወዳደቅና አጨራረስ አለው። በግዕዝ የሚነገረው የዜማ ሐረግ በዓራራይ አይነገርም፤ ቢነገርም መምህሩ ወዲያው ያውቀዋል፥ ተማሪውንም ያቆመዋል። አንድ ሰው በጎጃም አነጋገር ጀምሮ በሸዋ አነጋገር ቢጨርስ ሰሚው ፈገግ እንደሚል፥ የዜማ ሰውም ይህን ሲሰማ እንዲሁ ይሆናል፤ ነገር ግን የዜማው መምህር ፈገግታው ብዙ አይቆይም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዜማ ከምን ይሠራል? አላዋቂ ሰው፥ ዜማ አድራሹ አንዱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ እያስከተለ፥ ደስ እንዳለው ይሠራዋል ብሎ ያስባል። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ግን የተሠራው ከነጠላ ድምፅ አይደለም፤ አስቀድሞ ከሚታወቅ ሐረግ ነው። ሐረግ ስንል ድምፁ አንድ ጊዜ ተነሥቶ፥ ወጥቶ፥ ወርዶ እስኪያርፍ ድረስ ያለውን አጭር የዜማ ጕዞ ማለታችን ነው። እንዲህ ያሉ ሐረጎች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ዜማው የሚገነባው እነዚህን አንዱን ከአንዱ በማጋጠም ነው። በመካከላችን የሚናገር ሰው ቃልን አይፈጥርም፤ ከእናቱ የሰማውን ቃል ነው የሚናገረው። ነገር ግን ያንኑ የታወቀ ቃል አጋጥሞ፥ ከዚህ በፊት ማንም ያልተናገረውን ነገር ሊናገር ይችላል። የያሬድ ዜማም እንዲሁ ነው። ስለዚህም ነው በልደት የሰማችሁት አንዱ ሐረግ በትንሣኤ በሌላ ቃል ላይ ተመልሶ ሲመጣ «ይህን የት ነበር የሰማሁት?» የምትሉት። ተሳስታችሁ አይደለም፤ ያው ነው።

ሐረጉ ከቃሉ ጋር እንዴት እንደሚጋጠም የሚያሳየው ምልክት ነው። የድጓን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ከቃሉ ራስ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፉ መስመሮች፥ ነጠብጣቦችና ፊደላት ያያል። መስመሮቹና ነጠብጣቦቹ ዋናዎቹ ስምንት ናቸው፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ጭረትና ቍርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር የሚባሉ ሁለት ሌሎች ስለሚታከሉባቸው ዐሥር ብለው የሚቈጥሩ አሉ። የእያንዳንዱ ሥራ ከስሙ ይታወቃል። ይዘት ድምፁን ይዞ ያቆማል። ደረት ድምፁን ወደ ደረት አውርዶ በወፍራሙ ያሰማዋል። ርክርክ እንደሚንጠባጠብ ውኃ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይሰጣል። ድፋት ድምፁን ወደ ታች ይደፋዋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣዋል። ሂደት ሳይቋረጥ ያስኬደዋል፤ ጭረት እየሳበ ያንሸራትተዋል፤ ቍርጥ ደግሞ ነገሩን ይቈርጠዋል።

አባቶቻችን እነዚህን ስሞች እንዲሁ አልተዉአቸውም። በጌታችን መከራ መስለዋቸዋል። ይዘት በአይሁድ እጅ መያዙን፥ ሂደት ከሐና ወደ ቀያፋ፥ ከጲላጦስ ወደ ሄሮድስ መመላለሱን፥ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፥ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያሳስባሉ። ይህ ትርጓሜ ለተማሪው ምን ያህል እንደሚጠቅመው የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ ርክርክን ለማሳመር ብሎ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ የምን መታሰቢያ እንደሆነ ትዝ ካለው፥ ድምፁን ለመታየት አያንቀጠቅጠውም። በጎ ድምፅ ያለው ሰው ትልቁ ፈተናው ድምፁ ነው። በዜማው ላይ ከራሱ ጌጥ የሚጨምር፥ ያልተጻፈ ርክርክ የሚያበዛ፥ ጕባኤው እንዲያደንቀው የሚዘገይ አዛሚ ሰውን ከቃሉ አንሥቶ ወደ ራሱ ጕሮሮ ይመልሳል። መምህራን ይህን አጥብቀው የሚከለክሉት ቅናት ኖሯቸው አይደለም።

ከነዚህ ከስምንቱ ይልቅ አስደናቂዎቹ ግን የፊደል ምልክቶቹ ናቸው። እነርሱን ለመረዳት ወደ ታሪክ መመለስ ያስፈልገናል።

ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ጦርነት ግን አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፥ መጻሕፍትን አጠፋ፥ መምህራንን ገደለ፥ የተረፉትንም በተናቸው። ዜማ ያለው በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ከሆነ፥ አንድ መምህር ሲሞት ከርሱ ጋር ምን እንደሚቀበር ያን ጊዜ ታየ። ከዚህ በኋላ፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ሆነው የዜማውን ምልክት እንዳዘጋጁ አበው ይተርካሉ።

የሠሩት ሥራ ይህ ነው። ሁሉም ተማሪ በቃሉ የሚያውቀውን፥ የታወቀ ዜማ ያለውን አንድ ሐረግ ይወስዳሉ። ከዚያ ሐረግ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ፥ ቈርጠው ያወጣሉ። ያ ፊደል ከእንግዲህ ወዲህ የዚያ ሐረግ ዜማ ስም ይሆናል። በሌላ ቃል ላይ ያ ፊደል በራሱ ላይ ተጽፎ ሲገኝ፥ «ይህን ቃል በዚያ በምታውቀው ሐረግ ዜማ አዚመው» ማለት ነው። ስለዚህ ፊደሉ እንደ ፊደል አይነበብም፤ እንደ ማስታወሻ ይታያል። ሦስቱ የዜማ ዓይነቶችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የሆነ የምልክት ክምችት አላቸው።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ነገር ባነሣ ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በኢጣልያ አገር በአሬዞ ከተማ ያስተምር የነበረ ጊዶ የሚባል መነኵሴ በ11ኛው መቶ ዓመት፥ ልጆች ዜማ ለመማር ብዙ ዓመት ሲደክሙ አይቶ አዘነና አንድ ዘዴ አበጀ። የመጥምቁ የዮሐንስን መዝሙር ወሰደ፤ የዚያ መዝሙር እያንዳንዱ አንጓ ከፊተኛው በአንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የሚጀምር ነበረ። የየአንጓውን የመጀመሪያ ቀለም አውጥቶ ኡት፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ ብሎ የድምፆች ስም አደረገው። ዛሬ በዓለሙ ሁሉ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ዶ፥ ሬ፥ ሚ እየተባለ የሚቈጠረው ከዚህ የመጣ ነው። እነሆ ያም መነኵሴ፥ የእኛም ሊቃውንት፥ ሳይተዋወቁ፥ ከታወቀ መዝሙር ቀለም ቈርጦ የዜማ ምልክት ማድረግን አሰቡ።

ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። የጊዶ ቀለም የሚያመለክተው አንዲትን ነጠላ ድምፅ ነው፤ የእኛ ፊደል የሚያመለክተው ሙሉ ሐረግን ነው። የጊዶ ዓላማ ልጁ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከመጽሐፍ አይቶ እንዲያዜም ነበረ። የእኛ ምልክት ግን ያልሰማውን ሰው ምንም አይረዳውም። የሚናገረው ለሰማው ሰው ብቻ ነው። የድጓ መጽሐፍ ከነምልክቱ ተሟልቶ በእጃችሁ ቢገባ፥ የምንጩን ሐረግ ከመምህር አፍ ካልተቀበላችሁት፥ ምልክቱ ዝም ይላችኋል። ስለዚህ የእኛ ጽሕፈት መምህሩን አልተካውም፤ እንዲያውም ያለ መምህሩ እንዳይሠራ ሆኖ ተሠራ። ይህ ጕድለት ነው ወይስ ጥበብ? እኔ ጥበብ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን አደጋ ያለበት ጥበብ መሆኑን አልክድም። ወደ አደጋው ኋላ እመለሳለሁ።

ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1993 እስከ 1997 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዜማውን በአውሮፓ የኖታ መስመር ላይ አስፍረው፥ ምልክቶቹንም አንድ በአንድ ዘርዝረው አሳይተዋል። ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ኖታው ድምፁ ምን ያህል እንደ ወጣና እንደ ወረደ ይነግረናል እንጂ፥ ያ ሐረግ የማን ሐረግ እንደሆነ፥ አዛሚው ሲያዜመው የትኛውን በዓልና የትኛውን ቃል እንደሚያስታውስ አይነግረንም። ምልክታችን ግን የሚነግረው በተለይ ይህንን ነው። በአንዱ ቃል ውስጥ ሌላውን ቃል ያሰማል።

ሐረጎቹ እንዲሁ በዘፈቀደ አይጋጠሙም። በድጓ ውስጥ እያንዳንዱ ዜማ «ቤት» አለው፤ ይህም ማለት አንድ አብነት የሆነ ዜማ አለ፥ ሌሎቹ የርሱን ጠባይ ተከትለው ይሄዳሉ፥ የአንድ ቤት ልጆችም ይሆናሉ ማለት ነው። በዜማው መነሻ ስንት ሃሌ ሉያ እንደሚባልም ተወስኗል። ስለዚህ የተማረ ሰው የዜማውን ቤትና የሃሌ ሉያውን ቍጥር ሲያይ ገና አንድ ቃል ሳያሰማ መንገዱን ያውቀዋል። የአንድ ቤት ወንድማማቾች መልካቸው ይመሳሰላል፥ ንግግራቸው ግን የየራሳቸው ነው፤ ዜማም እንዲሁ።

አሁን ዜማው ከተሠራ በኋላ እንዴት እንደሚያድግ እንመልከት። «እየደጋገሙ ያቆዩናል» ለሚለው ወንድማችንም መልሱ እዚህ ነው።

ማኅሌት ስትቆሙ አንዱ ቃል በመጀመሪያ በቍም ዜማ ይባላል። በዚህ ጊዜ ከበሮ የለም፥ ጸናጽልም የለም፤ ያለው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። መሪው ይጀምራል፥ የቀኙና የግራው እየተቀባበሉ ያዜሙታል። ዜማው ገና በምት አልተለካም፤ የሚመራው ቃሉ ነው፤ ቃሉ ሲረዝም ይረዝማል፥ ቃሉ ሲያርፍ ያርፋል። ሐረጎቹን ለይቶ ለመስማት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ሕንፃው ገና ሳይለሰን ድንጋዩና መገጣጠሚያው የሚታይበት ጊዜ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያው ቃል በዝማሜ ይመለሳል። ዝማሜ ማለት መዝመም፥ ማዘንበል ነው። ካህናቱ በእጃቸው የያዙትን መቋሚያ እያነሡና እያዘነበሉ፥ በሰውነታቸውም እየተወዛወዙ ያዜማሉ። ዜማው አሁን ከጕሮሮ ወደ እጅና ወደ እግር ወረደ ማለት ነው። በቍም ዜማ በጆሮ የሰማችሁትን መውጣትና መውረድ አሁን በዓይን ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ውዝዋዜ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል፤ መቋሚያው ግን የዜማውን አካሄድ ይከተላል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይነቃነቅም።

ከዚያ መረግድ ይመጣል። ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። በመጀመሪያው ምቱ ዝግ ያለ ነው፤ እያደር ይጠነክራል፤ ንኡስ መረግድና ዐቢይ መረግድ እየተባለ ይከፈላል። ያ በቍም ጊዜ በነጻነት ይረዝም የነበረ ሐረግ አሁን በምት ይለካል። ከበሮው ሲመታ ጌታችን በአይሁድ እጅ የተመታውን መመታት፥ በከበሮው ላይ ያለው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር እንደሚያሳስብ መምህራን ያስተምራሉ። በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ምቱ ይፈጥናል፥ እጅ ይጨበጨባል፥ በዳር የቆመው ሕዝብም ይገባበታል። ሴቶች እልል ይላሉ።

አሁን ልብ በሉ። ከቍም እስከ ጽፋት ቃሉ አልተለወጠም። ሐረጉም በመሠረቱ ያው ነው። የተለወጠው ምንድን ነው? በመጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ነገር፥ ቀጥሎ የካህናቱ ሆነ፥ ቀጥሎ የሰውነታቸው ሆነ፥ በመጨረሻ የሕዝቡ ሆነ። በሌላው ዓለም የዜማ ደራሲ ዜማውን የሚያሳድገው ሌላ ድምፅ እየጨመረ፥ ከድምፅ ወደ ድምፅ እያሻገረ፥ እየገለባበጠም ነው፤ ያም የራሱ ጥበብ አለው። የእኛ ዜማ ግን የሚያድገው ያንኑ ነገር ወደ ብዙ ሰው በማድረስ ነው። ያን ወንድማችንን «አንዱን ቃል እየደጋገሙ» ያሰኘው ነገር ይህ ነው። ከበሮ ሲመታ ብቻ የሚመጣ ሰው፥ እድገቱን ሳያይ ፍሬውን ብቻ ያያል፤ ስለዚህ የሰማው ነገር መደጋገም ይመስለዋል። ወረብም ሲወረብ እንዲሁ ነው፤ ከረጅሙ ቃል አንዲት አንጓ ትነጠላለች፥ በዝግታ ትጀመራለች፥ በመቀባበል ትሰፋለች፥ በጸናጽልና በከበሮ እየፈጠነች ትሄዳለች።

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ ነገር የለም ወይ? ሁሉ የተወሰነ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አዲስ ነገር አለ፤ ያለውም በቅኔ ነው። ቅኔ በማኅሌት ሲባል ቃሉ ፍጹም አዲስ ነው፤ ባለቅኔው ለዚያ ቀን፥ ለዚያ በዓል ይዘርፈዋል። የሚዜምበት ዜማ ግን የታወቀ ነው። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ የሚባሉት የቅኔ ዓይነቶች ስማቸው ራሱ ከሚገቡበት መዝሙር የተወሰደ ነው፤ አዲሱ ቃል ከጥንቱ መዝሙር ጋር የተሰፋ መሆኑን ስሙ ይመሰክራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ተቀባዩ ነው። ባለቅኔው አንዱን አንጓ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ያን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ሆኖም ወዲያው በዜማ ከፍ አድርጎ ያሰማዋል። ቃሉ ቢረዝም የትኛውን ሐረግ መሳብ፥ ቃሉ ቢያጥር የትኛውን መሰብሰብ እንዳለበት ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም። ሐረጎቹ በልቡ ስላሉ ነው። ዜማ ተምሯል ማለት ይህን ማድረግ መቻል ነው፤ አንድ ዜማ በቃል መያዝ ብቻ አይደለም።

ወደ አደጋው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ይህ ልብ የሚዘጋጀው በጕባኤ ቤት ነው። ተማሪው በውዳሴ ማርያም ዜማ ይጀምራል፥ ጾመ ድጓን ይቀጥላል፥ ከዚያ ድጓ ይገባል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። የኔታ መጽሐፍ ሳይገልጡ፥ ብዙ ጊዜም በሌሊት መብራት ሳይኖር፥ ልጁ ሲስት ከየትኛው ሐረግ እንደ ሳተ ያውቁታል። ድጓን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፥ አቋቋምን በጎንደር በዓታ፥ ቅዳሴን በደብረ ዓባይና በሰላልኩላ ያስመሰከረ መምህር ምስክርነቱ በአገሩ ሁሉ ይታመናል። የቤተ ልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብር እየተባለ የአዚያዜም ልዩነትም አለ፤ ባለ ቤቶቹ በዚህ ይከራከራሉ፥ ክርክራቸውም ዜማው ሕያው ለመሆኑ ምልክት ነው።

በዚህ ዘመን አንዳንድ ወጣቶች ዜማን ከተቀረጸ ድምፅ፥ በእጃቸው ከሚይዙት ስልክ ይማራሉ። እኛ ራሳችን በሬዲዮ እየተናገርን ድምፅ መቅረጽን ልንነቅፍ አንችልም። የተቀረጸ ድምፅ ሊቃውንት ካለፉ በኋላ ድምፃቸውን ያቆይልናል፤ ርቆ ያለውን ምእመን ያጽናናል። ነገር ግን የሚሰጠን ተሠርቶ ያለቀውን ዜማ ነው። መቶ ዜማ ከስልክ ያጠና ወጣት መቶ ዜማ ያውቃል፤ መቶ አንደኛውን ግን አያውቅም። ሐረጎቹን ከነምንጫቸው ከመምህር የተቀበለ ልጅ ግን ያልሰማውን መቶ አንደኛውን ከምልክቱ አይቶ ያዜመዋል። ደግሞም ስልኩ አያርመውም። ልጁ ቢስት ዝም ይለዋል፥ ስሕተቱም እንደ ትክክል ሆኖ በልቡ ይቀመጣል።

አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሲያዘጋጁ መጻሕፍቱ ተቃጥለው ነበር፤ የምንጩን ሐረግ የሚያስታውሱ ሰዎች ግን ገና ነበሩ፥ ስለዚህ ምልክቱ ተናገረ። ዛሬ ነገሩ በተገላቢጦሽ ሊሆንብን ይችላል። መጽሐፉ ታትሞ በየሱቁ ይገኛል፤ ሐረጉን የሚያስታውሰው ሰው ግን ካለቀ፥ በዚያ መጽሐፍ ራስ ላይ የሰፈረው ምልክት የማይነበብ ጽሕፈት ይሆናል። እንደዚያ ያለ ጥፋት ጭስና እሳት ስለሌለው ሲደርስ አይታወቅም። አንድ የዜማ ጕባኤ በተማሪ ማጣት ወይም በመምህሩ ችግር ሲታጠፍ፥ በዚያ አጥቢያ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ቆመ ስለሚያይ ምንም የጐደለ አይመስለውም። የቆሎ ተማሪ በደጃችሁ ቆሞ ስለ እመቤታችን ብሎ ሲለምን የምትሰጡት ቍራሽ እንጀራ በዚህ ሥራ ውስጥ ገብቷል፤ ልጁ ያን ምሽት የሚያጠናውን ሐረግ የምታቆዩት እናንተ ናችሁ። በከተማ የምትኖሩም ከየአጥቢያችሁ መሪጌታ ኑሮው እንዴት እንደሆነ፥ ደቀ መዝሙር ለማስቀመጥ ስፍራ እንዳለው ብትጠይቁ ነገሩ በእጃችሁ ቅርብ መሆኑን ታገኙታላችሁ።

ለሚመጣው በዓል ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ከበሮ ሳይመታ፥ ቍም ዜማ ገና ሲጀመር ድረሱ። ከዜማው አንዲት ሐረግ ብቻ በጆሯችሁ ያዙ፤ ብዙ አትፈልጉ። ያቺ ሐረግ በዝማሜ ስትመለስ፥ በመረግድ ስትለካ፥ በጽፋት ስትፈጥን ተከተሏት። በማግሥቱ በቅዳሴ ወይም በሌላ በዓል ባላሰባችሁት ቃል ላይ ተቀምጣ ታገኟት ይሆናል። ሥርዐቱ ካለቀ በኋላም ወደ መሪጌታው ቀርባችሁ፥ እጅ ነሥታችሁ፥ ድጓውን አስገልጣችሁ፥ ከቃሉ ራስ ላይ ካሉት የፊደል ምልክቶች ወደ አንዱ እያመለከታችሁ «ይህ ከየትኛው የተወሰደ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በንግግር አይመልሱላችሁም፤ አዚመው ነው የሚመልሱላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።